«ፈሪ ነው!» ከማለታችሁ በፊት፦ የተራራ ውድድር ሲታይ የሚሠሩ ስህተቶች

በትልልቆቹ የብስክሌት ውድድሮች የተራራ ቀን ሲደርስ ሁሉም ሰው አሠልጣኝ ይሆናል። ሳምንቱን ሙሉ ብስክሌት የሚባል ነገር ትዝ ያላለው ሰው፣ መንገዱ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ስልኩን አውጥቶ «ይሄማ አለቀለት» ብሎ ይፈርዳል። ደስ ይላል እኮ፣ አልጠላሁትም። ጩኸት የሌለበት የተራራ ውድድር ምን ያደርጋል? ግን አንዳንዱ ጩኸት በየዓመቱ፣ በየዳገቱ፣ በዚያው ቃል ሲደጋገም ይሰለቻል። እነዚህን ብትተዉ ውድድሩ ራሱ ይጥማችኋል።

የመጨረሻዋን ሃያ ደቂቃ ብቻ አይቶ መፍረድ

ጀማሪ ላይ ይሄ አይፈረድም። አራት አምስት ሰዓት ቁጭ ብሎ ብስክሌት ለማየት ጊዜ ያለው ስንቱ ነው? የመጨረሻውን ዳገት ብቻ ማየት ነውር የለውም። ነውሩ በሱ ብቻ ምክንያት መስጠት ነው።

ሦስት ሳምንት የሚፈጀውን የፈረንሳይ ዙር፣ የ2022ቱን ቱር ደ ፍራንስ እንውሰድ። ኮል ዱ ግራኖን ላይ፣ 2,413 ሜትር ከፍታ ላይ በሚያልቀው ዳገት፣ ታዴይ ፖጋቻር የአጠቃላይ ሰዓት መሪውን ቢጫ ማልያ ለብሶ ሲወጣ ድንገት እግሩ ከዳው። ዮናስ ቪንጌጎር ጥሎት ሄደ። መጨረሻ ላይ በመካከላቸው 2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ነበር። ቴሌቪዥኑን ያኔ ለከፈተ ሰው ፖጋቻር የታመመ ነው የሚመስለው። ቀደም ብሎ የከፈተው ግን ሌላ ነገር አይቷል። ከግራኖን በፊት ጋሊቢዬ የሚባል ሌላ ዳገት አለ። እዚያ ላይ ቪንጌጎርና የቡድን ጓደኛው ፕሪሞዥ ሮግሊች ተራ በተራ እየተስፈነጠሩ ሲወጡ፣ ፖጋቻር ብቻውን ሁለቱንም ሲያሳድድ ነበር። አንዱን ሲይዝ ሌላው ይሄዳል፣ ያኛውን ሲይዝ ይሄኛው ይነሳል። እሱም ለሁሉም መልስ ሰጠ፣ አንዳንዴ እንዲያውም እየሳቀ። ግራኖን ላይ የከፈለው የዚያን ዕዳ ነው።

«ፈሪ ነው! ለምን አይሄድም?»

አሁን ወደሚያበግነኝ ደረስን።

ሁለት ጋላቢዎች ዳገት ላይ ተያይተው ፍጥነት ሲቀንሱ፣ አንዱ ተነስቶ ሲሄድ ሌላው ሳይከተለው ሲቀር፣ ሶፋ ላይ የተጋደመው ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ «ፈሪ!» ይላል። ሰውየው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፣ በቁልቁለት ላይ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ በቀጭን ጎማ ወርዷል፣ እሱን ነው እንግዲህ ፈሪ የምንለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰው ጎማ ኋላ የተጠለለ ሰው ጉልበት ይቆጥባል። ሜዳ ላይ ቁጠባው ብዙ ነው፣ ዳገት ላይ ያንሳል፣ ግን ምርጦቹ ቀለል ያለውን ዳገት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚወጡት እዚያም ነፋሱ አይጠፋም። ከፊት ያለው ይከፍላል፣ ከኋላ ያለው ያተርፋል። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ሰው ሳይቃጠል ሊሄድበት የሚችለው ልክ አለው። ልኩን ለጥቂት ደቂቃ ማለፍ ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ ግን እግር ይቆልፋል፣ እና የሚጠፋው ሰከንድ ሳይሆን ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ሰው ባጠቃ ቁጥር ተነስቶ መከተል ብዙ ጊዜ ጅልነት ነው። በራሱ ፍጥነት እየወጣ ቀስ ብሎ የሚደርሰውን ሰው ተመልካች ያላግጥበታል፣ ከዚያ ሲያሸንፍ ደግሞ «እኔ ብያለሁ» ይላል።

የጣሊያኑን ዙር፣ የ2025ቱን ጂሮ ዲታሊያ አስታውሱ። ሊጠናቀቅ አንድ ቀን ቀርቶታል። የ21 ዓመቱ ሜክሲኳዊ ኢሳክ ዴል ቶሮ የጂሮ መሪ የሚለብሰውን ሮዝ ማልያ ለብሷል። ሪቻርድ ካራፓዝ በ43 ሰከንድ ይከተለዋል፣ ሳይመን ዬትስ በ1 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ሦስተኛ ነው። ፊታቸው ያለው ኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ፣ የላይኛው 8 ኪሎ ሜትር ገደማው አስፋልት የሌለው ኮረኮንች የሆነ ዳገት። ካራፓዝ ከታች ጀምሮ አጠቃ፣ ዴል ቶሮ ያዘው። ዬትስ ከኋላ ደረሰባቸውና እሱም በተራው ተነሳ። ሄደ። ሁለቱ ግን እርስ በርስ መተያየት ያዙ።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ዴል ቶሮ ዬትስን ለመያዝ ከፊት ቢመራ፣ ካራፓዝ ጎማው ኋላ ተደላድሎ ጉልበቱን ቆጥቦ መጨረሻ ላይ ጥሎት ሊሄድ ይችላል። ካራፓዝ ቢመራ ደግሞ ዴል ቶሮን ሮዝ ማልያውን እንደለበሰ በነጻ ያደርሰዋል። ማናቸውም ለሌላው መሥራት አልፈለጉም። ይሄ ፍርሃት አይደለም። እልህ የገባበት ስሌት ነው። ስሌቱ ልክ ነበር ወይ? በኔ እምነት አልነበረም፤ በተለይ የዴል ቶሮ። ማልያው የሱ ነው፣ ዬትስ በራቀ ቁጥር ከሁሉ በላይ የሚከስረው እሱ ነው። እሱን ተቹ፣ እኔም እተቻለሁ። ግን የተሳሳተውን ነገር ለይታችሁ ተቹ። «ፈሪ» ትችት አይደለም፣ ስድብ ነው።

ደግሞ የዚያን ቀን ግማሹ ጨዋታ ካሜራው ከዬትስ ላይ ሲነሳ ነው የታየው። ቫን አርትን የመሰለ ከባድ ሰው ከጠዋቱ አምልጠው ከወጡት ጋር ሲታይ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ይሄ ሰውዬ ተራራ ላይ ምን ይሠራል?» ዋውት ቫን አርት ያን ቀን ተራራ ሊያሸንፍ አልወጣም። ከፊኔስትሬ ማዶ የቡድን ጓደኛውን ሊጠብቅ ነው የወጣው። ዬትስ ቁልቁለቱን ወርዶ ሲደርስበት፣ ቫን አርት ከፊቱ ሆኖ ነፋሱን እየከለለ እስከ ሴስትሪዬሬ ዳገት ሥር ወሰደው። ከኋላ ያሉት እየተኮራረፉ ሳለ ልዩነቱ እዚያ ተዘረጋ። ዬትስ ጂሮውን ዴል ቶሮን በ3 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ በልጦ ወሰደ። ከባድ ጋላቢ ከአምላጮች ጋር ስታዩ «ምን ይሠራል» ከማለት «ማንን ይጠብቃል» ብላችሁ ጠይቁ።

«በቃ፣ ይሄ ሰው አበቃለት»

ያው ሳይመን ዬትስ ነው። በ2018ቱ ጂሮ ሮዙን ማልያ ይዞ ሲገሰግስ ቆይቶ፣ እዚያው ፊኔስትሬ ባለበት ቀን ተንኮታኮተ። ክሪስ ፍሩም እዚያ ኮረኮንች ላይ ተነስቶ 80 ኪሎ ሜትር ብቻውን ጋልቦ ባርዶኔኪያ ሲገባ፣ ዬትስ ከ38 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። ከዚያ በላይ ማበቃት የለም። በዚያው ዓመት የስፔኑን ዙር ቩኤልታን አሸነፈ። ከሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ እዚያው ተራራ ላይ ጂሮውን።

ፖጋቻርም በ2023ቱ ቱር ኮል ዴ ላ ሎዝ የሚባለው ዳገት ባለበት ቀን በቪንጌጎር 5 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ተበልጦ ነበር። በ2024 ጂሮውንም ቱሩንም ወሰደ።

«ፊቱን እዩት፣ አልቋል!»

ፊት አይታመንም። ፍሩም አንገቱን ደፍቶ የብስክሌቱን መሪ እያየ፣ ክርኑን እያንጋደደ፣ ብስክሌት የማያውቅ እየመሰለ አራት ቱር አሸንፏል። ቶማ ቮክሌር ምላሱን አውጥቶ ሊወድቅ የደረሰ ይመስል ነበር፣ በ2011 ግን ያንን ምላሱን ይዞ ቢጫውን ማልያ አሥር ቀን አቆየው። ናይሮ ኪንታና ደግሞ ደህናም ሆነ ሞቶ ፊቱ አንድ ነው። ማየት ከፈለጋችሁ ትከሻቸውን እዩ፣ ከፊት ባለው ጎማና በራሳቸው መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ክፍተቱ አንዴ ተከፍቶ ሲዘጋ፣ ደግሞ ሲከፈት፣ ያኔ ሰውየው ጭንቅ ላይ ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ልዩነት በደቂቃ ውስጥ በ30 ሰከንድ ሲዘል ካያችሁ አትጩኹ፤ ሰው አይደለም የፈጠነው፣ መለኪያው ነው የተዛባው።

«3 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ስለወደቀ አብሯቸው የነበሩት ሰዎች ሰዓት ይያዝለታል» የሚለው ሕግ ተራራ ጫፍ ላይ ለሚያልቅ ውድድር አይሠራም።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ተነስቶ ሻይ ማፍላት

ውድድሩ ቁልቁለት ላይ የሚያልቅ ከሆነ አትነሱ። በ2016ቱ ቱር ፍሩም ፔየርሱርድ ተራራ ጫፍ ላይ ሁሉም ሲተነፍስ ድንገት ተነስቶ፣ የብስክሌቱ ብረት ላይ ቁጢጥ ብሎ ፔዳል እየመታ ወረደ፣ አሸነፈ፣ ቢጫውንም ለበሰ። ያ አቀማመጥ ከ2021 ጀምሮ ተከልክሏል፣ ቁልቁለት ላይ ማጥቃት ግን አልተከለከለም።

ነጠብጣቡን ማልያ የለበሰ ሁሉ ምርጥ ተራራ ወጪ ነው ማለት

በቱር «የተራራ ንጉሥ» የሚባለው የሚለብሰው ይሄ ማልያ የነጥብ ሂሳብ ነው። ትንሿ ዳገት ላይ ቀድሞ ያለፈ 1 ነጥብ፣ ከደረጃ በላይ የሚባለው ተራራ ላይ ቀድሞ ያለፈ 20 ነጥብ ያገኛል። ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015 ማልያውን የለበሰው በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከአልፕስም ከፒሬኒስም በፊት፣ ትንንሾቹን ዳገቶች እየቀደመ ነው። ያንን ማልያ የለበሰ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ብልጠትም እግርም ይጠይቃል፣ ማሳነሴ አይደለም። ግን «የተራራ ንጉሡ ለምን ዛሬ ወደ ኋላ ቀረ?» እያላችሁ አትደነቁ።

አሸናፊው ሲገባ ቴሌቪዥኑን መዝጋት

ይሄኛው ያሳዝነኛል እንጂ አያናድደኝም። የሚጣፍጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከኋላ አንድ ትልቅ ቡድን አለ፣ ሜዳ ላይ የሚፈጥኑት፣ ረዳቶቹ፣ የታመሙት፣ ተሰባስበው የሚወጡበት። እነሱም ውድድር ላይ ናቸው፣ ውድድራቸው ከሰዓት ጋር ነው። ገደቡ ከአሸናፊው ሰዓት ተነስቶ በመቶኛ ይሰላል፣ ካለፈ ነገ መነሻው ላይ የሉም። በ2021ዱ ቱር የቫንቱ ተራራ ሁለት ጊዜ በተወጣበት ቀን፣ ሜዳ ላይ ከሚፈጥኑት አንዱ የሆነው ማርክ ካቨንዲሽ በጓደኞቹ ታጅቦ ገደቡ ውስጥ ገባ። ያን ቀን ባይገባ ኖሮ ከሁለት ቀን በኋላ ካርካሶን ላይ የኤዲ መርክስን የ34 የዕለት ድል የቱር ክብረ ወሰን አይጋራም ነበር። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024ቱ ቱር ሦስት የዕለት ውድድር አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማልያ ሲወስድም፣ ነጥቡ ብቻ አይበቃውም፣ ኒስ እስኪደርስ ድረስ ያሉትን ተራሮች ሁሉ ገደቡ ውስጥ መውጣት ነበረበት። በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም፣ እንደ ብዙዎቹ ረዳቶች፣ ካሜራ ብዙም የማያየውን ሥራ ነው የሠራው።

ረዳትን መናቅም እዚሁ ይገባል። የ2023ቱን ቩኤልታ ያሸነፈው ሴፕ ከስ ዕድሜውን ለሌሎች ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። አንግሊሩ ዳገት ላይ የገዛ የቡድን ጓደኞቹ ሮግሊችና ቪንጌጎር ጥለውት ሲሄዱ ማልያውን በ8 ሰከንድ ብቻ አተረፈ። ያኔ ተመልካቹ ጮኸ፣ እና እውነቱን ነበር። ከዚያ ቡድኑ ከከስ ጎን ቆመ። ተመልካች ሁሌ ተሳስቷል አልልም።

«ዶፒንግ ነው!»፣ ወይም «ይሄ ልጅ ንጹሕ ነው፣ እምላለሁ!»

ሁለቱም ያው ናቸው። በ2024ቱ ቱር ፕላቶ ደ ቤይ የሚባለው ዳገት ላይ ፖጋቻር የማርኮ ፓንታኒን የ1998 ሰዓት ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሻለ፣ እና ወዲያው ጣት መቀሰር ተጀመረ። መጠርጠር መብት ነው። ይሄ ስፖርት የላንስ አርምስትሮንግን ሰባት ቱሮች የሰረዘ ስፖርት ነው። በ2006ቱ ቱር ፍሎይድ ላንዲስ ላ ቱሱዊር ዳገት ላይ ከ8 ደቂቃ በላይ ጠፍቶ በማግስቱ ብቻውን ሞርዚን ሲገባ ያጨበጨበው ሰው፣ ትንሽ ቆይቶ የምርመራ ውጤቱን ሰማ።

ግን የግድግዳ ሰዓት ላቦራቶሪ አይደለም። ቤይ ላይ ቪንጌጎር ወደ 10 ኪሎ ሜትር ሲቀር ጀምሮ ፍጥነቱን ሰማይ አድርሶት ነበር፣ ፖጋቻር ከዚያ ውስጥ ግማሹን ጎማው ኋላ ሆኖ ወጣ። የዛሬ ጋላቢ በሰዓት 100 ግራምና ከዚያ በላይ ካርቦሃይድሬት ይወስዳል። ጎማው፣ ልብሱ፣ የቀኑ ነፋስ አለ። ይሄ ሁሉ ማንንም ንጹሕ አያደርግም፣ ማንንም ወንጀለኛም አያደርግም። ጋላቢው ያወጣውን ኃይል በዋት አስልቶ በሱ ብቻ የሚፈርድ ሰው ስታዩ «ነፋሱን እንዴት አሰብከው?» በሉት። ዝም ይላል።

ተራራው ላይ ሄዶ ራስን የውድድሩ ተዋናይ ማድረግ

ቤት ሆኖ የሚጮኽ ማንንም አይሰብርም። መንገድ ዳር ያለው ግን ይሰብራል። በ1999 ጁሴፔ ጉዌሪኒ አልፕ ዱዌዝን ሊያሸንፍ ሲቃረብ ፎቶ የሚያነሳ ሰው መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ጣለው፤ ደግነቱ ተነስቶ አሸነፈ። በ2016 ቫንቱ ላይ ሕዝቡ መንገዱን ዘግቶ ከፊት ያለው ሞተር ሳይክል ቆመ፣ ሪቺ ፖርት፣ ፍሩምና ባውኬ ሞሌማ ተላተሙ፣ ቢጫ ማልያ የለበሰው ፍሩም ያለ ብስክሌት በእግሩ ሲሮጥ ዓለም አየ። በ2018 አልፕ ዱዌዝ ላይ ቪንቼንዞ ኒባሊ በካሜራ ማንጠልጠያ ተጠልፎ ወደቀ፣ የጀርባ አጥንቱ ተሰነጠቀ፣ ቱሩም አለቀ።

ስለዚህ ከሄዳችሁ ከመንገዱ ጠርዝ አትውጡ። አትግፏቸው። ካልጠየቁ ውሃ አትርጩባቸው። የቀለም ጭስ የሚባለውን ነገር ቤት ተዉት፤ ሰውየው አየር አጥሮት ነው አፉን የከፈተው። ባንዲራ ከያዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሰብስቡት፣ የብስክሌቱ መሪ ላይ ይጠመጠማል። ስልካችሁንም ክንዳችሁን ዘርግታችሁ መንገድ ውስጥ አታስገቡ። ሄሊኮፕተሩ የሚያነሳው ምስል ከናንተ ይሻላል፣ ማታ ታዩታላችሁ።