የወባ ታማሚን ቤት ውስጥ እንዴት ማስታመም ይቻላል?

በወሎ ቆላ፣ ከቆቦ እስከ ባቲና ከሚሴ፣ ክረምቱ አልፎ ውሃ ያቆረው ሜዳ ትንኝ ሲያፈላ ወባ ይበረታል። አብዛኛው ታማሚ ደሙን ተመርምሮ፣ ክኒኑን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ መዳኑ በአስታማሚው ጥንቃቄ ላይ ይወድቃል።

ከጤና ጣቢያው ሳትወጡ የወባው ዓይነት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ፋልሲፓረም ለሚባለው በብዛት የሚታዘዘው ኮአርተም ነው፤ የሚወሰደውም ለ3 ቀን ነው። ቫይቫክስ ከሆነ ከሌላው መድኃኒት በተጨማሪ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ተሐዋሲ የሚያጠፋ ፕራይማኪን ሊታዘዝ ይችላል። ይህ ለነፍሰ ጡር አይሰጥምና ታማሚዋ እርጉዝ ከሆነች ቀድማችሁ ተናገሩ።

ኮአርተም ላይ ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ታማሚው የመጀመሪያውን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ከዋጠ፣ ሁለተኛውን ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ማታ 12 ሰዓት ላይ ይውጣል። ከዚያ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ጠዋትና ማታ ይቀጥላል። በድምሩ 6 ጊዜ መሆኑ ነው። ክብደቱ 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ክኒን ይወስዳል፤ ለልጅ ግን የታዘዘለትን ብቻ ስጡ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት በሀበሻ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር አረጋግጡ፤ በተዋጠ ቁጥርም ምልክት አድርጉ።

መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ነው። ወተት ይበቃል። ጾም ሆኖ ወተት አልጠጣም ካሉ ዘይት የገባበት ሽሮ አቅርቡላቸው፤ በባዶ ሆድ ብቻ አይዋጥ። በዋጡ በ1 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳቸው ያው መጠን እንደገና ይሰጣል፤ ለዚህ የሚተካ ክኒን ከጤና ጣቢያው አምጡ።

ትኩሳት ሲነድ በጋቢ ላይ ብሉኮ መደረብ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ሙቀቱን ግን አፍኖ ያስቀረዋል። ልብሱን አቅልሉ፣ ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አንገቱንና ብብቱን አብሱ። ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ክኒን አይለፍ። ውሃ፣ አጥሚትና ሾርባ በትንሽ በትንሹ ደጋግማችሁ ስጡ።

በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ይበርድና ታማሚው «ድኛለሁ» ብሎ ይነሣል። እባካችሁ እዚህ ላይ አትሸነፉለት! የቀረውን ክኒን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥም ሆነ ለታመመ ጎረቤት ማካፈል ሁለቱንም ሰዎች ይጎዳል፤ በሽታውም ያገረሻል።

መንቀጥቀጥና መንፈራገጥ፣ መዘባረቅ፣ መጠጣት አለመቻል፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የጠቆረ ሽንት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካያችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ንጋትን ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሐኪሙ ምን እንደወሰደ እንዲያውቅ የክኒኑን ማሸጊያና ምልክት ያደረጋችሁበትን ወረቀት ያዙ።