የዛገው የፍሬን ቱቦ

የሚኒሶታ ክረምት ቀልድ አያውቅም። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የአሮጌ ፒክአፔን የፍሬን ቱቦ በልቶት ኖሯል። ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፤ ከኋላ ጎማው አጠገብ ዘይት ይንጠባጠባል። ቱቦውን በጣት ስነካው ዝገቱ እንደ ቅርፊት ረገፈ። እንዲህ ከሆነ ቀዳዳውን ብቻ መድፈን ዋጋ የለውም፤ ሙሉውን ቀየርኩት። በብረቱ ፋንታ የመዳብና ኒኬል ቅይጥ ገዛሁ፤ ዝገት ይቋቋማል፣ በእጅም ይታጠፋል።

የዛገ ዳዶ በተራ ቁልፍ ከታገሉት ጠርዙ ይበላል። ስለዚህ አሮጌውን ቱቦ ዳዶው ሥር ቆርጬ ዳዶውን ዙሪያውን በሚይዝ ቁልፍ፣ በቡሶላ ፈታሁት። ግልግል! የአዲሱ ቱቦ ጫፍ የግድ ደብል ፍሌር (ሰፍቶ ወደ ውስጥ ድርብ የታጠፈ) መሆን አለበት፤ ነጠላው የፍሬን ግፊት አይችልም። ጫፉ ከመስፋቱ በፊት ግን ዳዶው ቱቦው ላይ ይግባ።

ከዚያ ልጄ ፔዳሉን እየረገጠ፣ እኔ ከኋላ ጎማ ጀምሬ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር አስወጣሁ። ፔዳሉ ጠጠር አለ።