ማሸጊያውን ገልብጡና አንብቡ

እናቴ ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ ዕቃ ስገዛ ብዙ እቆያለሁ። ድሮ ያየሁትን ብድግ አድርጌ ቅርጫት ውስጥ ነበር የምጨምረው። አሁን መጀመሪያ እገለብጠዋለሁ።

ይህን ልማድ ያመጣብኝ አንድ የብስኩት ፓኬት ነው። ፊቱ ላይ ንብ ተስላለች፤ ከሥሯ በትልቁ «በማር የተሠራ» ይላል። እማዬ «ማር እኮ ነው፣ ምን ያደርገኛል?» እያለች ከሻይ ጋር ስድስት ስድስት ትበላ ነበር። አንድ ቀን ማታ ጀርባውን አነበብኩት። የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የአትክልት ዘይት፣ የግሉኮስ ሲረፕ፣ ጨው፣ ማር 1%። በጣም ነው የደነገጥኩት።

ግብዓቶቹ የሚጻፉት በክብደት ነው፤ ብዙው ቀድሞ፣ ትንሹ መጨረሻ። ይህንን ብቻ ብታውቁ እንኳ ብዙ ነገር ይገባችኋል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ረጋ ብዬ አነባለሁ፤ ምግቡ በአብዛኛው እነሱ ናቸውና። ፊቱ ላይ የተሳለው ፍሬ ወይም ማር ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ከተገኘ፣ ያለው ለስሙ ያህል ነው።

ስኳር ግን በአንድ ስም ብቻ አይጻፍም። ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ሱክሮስ፣ ዴክስትሮስ፣ ማልቶስ ሁሉም ስኳር ናቸው። መጨረሻው «ኦስ» የሚል ድምፅ ያለው ቃል ስታዩ ጠርጥሩ። ሲረፕ የሚባሉት፣ ውሃው ተቀንሶ የወፈረ የፍራፍሬ ጭማቂ (ኮንሰንትሬት)፣ ማርም ጭምር እዚያው ይመደባሉ። ሦስት ዓይነት ስኳር በሦስት ስም ሲበተን እያንዳንዱ ትንሽ ስለሚሆን ወደ ታች ይወርዳል፤ ዱቄቱ አንደኛ ይወጣል። ስለዚህ በጣቴ እየነካሁ እቆጥራቸዋለሁ። ማልቶዴክስትሪን የሚባለውም አለ። ከስኳር ጋር አይቆጠርም፣ ግን የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋል። የስኳር ሕመምተኛ ቤት ውስጥ ካለ ይህን ቃል ያዙት።

ቀጥሎ የስኳሩ፣ የጨውና የቅባቱ መጠን የሚጻፍበት ሠንጠረዥ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «በአንድ ጊዜ የሚበላ» በሚለው መጠን ነው። የዚያ ብስኩት መጠን 30 ግራም፣ ማለትም ሦስት ፍሬ፣ ስኳሩም 8 ግራም ነበር። ትንሽ ይመስላል። እማዬ ግን የምትበላው ስድስት ነው፤ 16 ግራም ሆነ ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ አራት ማንኪያ። የስኳሩን ዕቃ አምጥቼ አራቱን ማንኪያ ሳህን ላይ አፈሰስኩላት። ዝም ብላ አየችው፤ ከዚያ ፓኬቱን ከአጠገቧ ራቅ አደረገችው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ገደማ ያልበለጠ የተጨመረ ስኳር ነው የሚመክረው፤ የማርና የጭማቂ ስኳርም እዚያው ይቆጠራል።

ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ የ100 ግራሙን ዓምድ ተመልከቱ። «በአንድ ጊዜ የሚበላውን» አምራቹ ስለሚወስነው ከፓኬት ፓኬት ይለያያል። በእንግሊዝ ለማሸጊያ የቀለም ምልክት የሚሠራበት ልክ ለእኔም ጠቅሞኛል፦ ከ100 ግራም ውስጥ ስኳሩ ከ22.5 ግራም በላይ ከሆነ ብዙ፣ 5 ግራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ትንሽ ነው። ጨው ከ1.5 ግራም በላይ ብዙ፣ 0.3 እና ከዚያ በታች ትንሽ። ይህን ስልኬ ላይ ጽፌ ይዣለሁ።

ጨው ላይ አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁ። ሁለት የታሸገ ሾርባ ይዤ ነበር። አንዱ «ሶዲየም 0.6 ግራም»፣ ሌላው «ጨው 1.2 ግራም» ይላል። 0.6 ያለውን ወሰድኩ። ሶዲየም ግን የጨው አንድ ክፍል ነው፤ ጨውን ለማግኘት በ2.5 ይባዛል። የእኔው ሾርባ 1.5 ግራም ጨው ኖሮታል! ከዚያ ወዲህ ቃሉን ሳላይ ቁጥሩን አላይም። ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ነው የሚመከረው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ።

ቅባት ላይ አንድ ቃል ፈልጉ፦ «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት»። ትራንስ ፋት የሚባለው፣ ልብን የሚጎዳው ቅባት ዋና ምንጭ እሱ ነው። ይህን ካየሁ መልሼ አስቀምጠዋለሁ፤ ድርድር የለኝም።

በኢ ፊደል የሚጀምሩ ቁጥሮች፣ ማለትም ምግብ ላይ የሚጨመሩ ነገሮች መለያዎች፣ ግን ሁሉም አያስደነግጧችሁ። ኢ300 ቫይታሚን ሲ ነው፤ ኢ330 ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ። አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ኦቾሎኒ፣ ወተት፣ እንቁላል የመሳሰሉት ብዙ ጊዜ በደማቁ ስለሚጻፉ መጀመሪያ እነሱን ይፈልግ።

«ቅባት የሌለው» የሚለውም አያዘናጋችሁ። ጣዕሙን ለመመለስ ስኳር የተጨመረበት ብዙ ነው፤ ከመደበኛው ጎን አድርጋችሁ ስኳሩን አስተያዩት። «ስኳር ያልተጨመረበት» ጭማቂም የፍሬው የራሱ ስኳር አለው።

ጽሑፉ ከደቀቀባችሁ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት፤ እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው። ሁሉንም ዕቃ በአንድ ቀን ለማንበብ አትሞክሩ፣ ይሰለቻችኋል። ቤታችሁ በየሳምንቱ ከሚገባው ሦስቱን ምረጡና ዛሬ ማታ ገልብጧቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ድገሙት፤ አምራቾች ማሸጊያውን ሳይቀይሩ ውስጡን የሚቀይሩበት ጊዜ አለ።