ቪፒፒ ከመጫናችሁ በፊት አንድ የኔትወርክ ወደብ ለሊኑክስ ተዉ

ቪፒፒን (የኔትወርክ ፓኬቶችን፣ ማለትም የመረጃ ቁራጮችን፣ በቡድን የሚያስተናግድ ሶፍትዌር) በተራ ሰርቨር ላይ ጭናችሁ ፈጣን ራውተር ልታደርጉት ካሰባችሁ፣ ከሁሉም በፊት አንድ የኔትወርክ ወደብ ለአስተዳደር ብቻ ለዩ። ቪፒፒ የኔትወርክ ካርዱን በቀጥታ የሚያነብበት ዲፒዲኬ የተባለ ሶፍትዌር ካርዱን ከሊኑክስ ከርነል (ከሥርዓቱ እምብርት) እጅ ስለሚወስደው፣ በርቀት የገባችሁት በዚያው ወደብ ከሆነ ግንኙነታችሁ ወዲያው ይቋረጣል። ኮንሶል የሌለው ሰው ሰርቨሩ ያለበት ድረስ መሄዱ ነው።

ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ። በ10 ጊጋቢት መስመር ባለ 64 ባይት ፓኬቶች በሰከንድ እስከ 14.88 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ለአንዱ የሚደርሰው 67 ናኖሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ለፓኬት የመደባችኋቸውን ኮሮች (የፕሮሰሰሩን የሥራ ክፍሎች) ሌላ ሥራ እንዳይነካቸው በከርነሉ ማስነሻ መለኪያ ለዩአቸው፤ ሂዩጅፔጅም (ትላልቅ የሚሞሪ ገጾች) አስቀድማችሁ መድቡ። ሰርቨሩ ባለ ሁለት ሶኬት (ሁለት ፕሮሰሰር ያለው) ከሆነ ኮሩም ሚሞሪውም ካርዱ በተሰካበት ሶኬት በኩል ይሁኑ። (ለጥቂት መቶ ሜጋቢት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የሊኑክስ ከርነል ራሱ ይበቃችኋል።)

የፕሮሰሰሩን ሥራ የሚያሳየው የሊኑክስ ትእዛዝ «ቶፕ» 100 በመቶ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። ፓኬት ኖረም አልኖረም ኮሩ ካርዱን ያለማቋረጥ ይፈትሻል። እውነተኛውን ጭነት የሚናገረው የቪፒፒ «ሾው ረንታይም» ትእዛዝ ነው፤ በአንድ ጥሪ ስንት ፓኬት እንደሚስተናገድ ተመልከቱ። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ገና አቅም አለ። በአንድ ጥሪ ከፍተኛው ወደሆነው 256 ከተጠጋ ግን ሌላ ኮር ጨምሩ፤ የካርዱን የመቀበያ ወረፋዎችም በዚያው ልክ አብዙ፤ አለበለዚያ አዲሱ ኮር ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል።