ተርሚናል ላይ ዳታ ስትፈልጉ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያሳስቱ ነገሮች

ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የምትሰጡበት መስኮት) ላይ የትዕዛዝ ስም ብትሳሳቱ ወዲያው ይነግራችኋል። አርማችሁ ትቀጥላላችሁ። ጣጣ የሚያመጣው ሌላው ነው፦ ትዕዛዙ ሳያንገራግር ይሰራል፣ ቁጥር ያወጣል፣ ቁጥሩ ግን ልክ አይደለም። ያ ቁጥር ሪፖርት ውስጥ ይገባል፣ ይፈረምበታል፣ ያልፋል። እዚህ የማነሳቸው አብዛኞቹ ስህተቶች የዚህ ዓይነት ናቸው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የደንበኞች ዝርዝር እንያዝ። ዓምዶቹ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ ብርና ቀን ናቸው። ፋይሉ እንደተለመደው ከኤክሴል የመጣ ነው። የትዕዛዞቹን ስም በአፍ እንደሚጠሩት ነው የጻፍኩት።

ኤክሴል የበላውን ተርሚናል ላይ መፈለግ

ፋይሉን ወደ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ስትቀይሩ ኤክሴል ከአንድ በላይ ምርጫ ይሰጣችኋል። ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ በአብዛኛው የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ይህ የፎንት ችግር አይደለም። ፊደሉ ከፋይሉ ጠፍቷል፣ ምንም ትዕዛዝ አይመልሰውም። ዩቲኤፍ-8 (አማርኛንም የሚይዝ የፊደል አመዘጋገብ) የሚለውን ሲኤስቪ ምረጡ።

እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታዩ 3 ባይቶች ያስቀምጣል። አንዳንድ መሣሪያ የመጀመሪያውን ዓምድ በስሙ ስትጠሩት «የለም» የሚላችሁ በዚህ ምክንያት ነው። በየመስመሩ ጫፍም የዊንዶውስ የመስመር መጨረሻ ምልክት አለ፤ እሱ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ይለጠፍና «እኩል ነው ወይ?» ስትሉ ሁሌም «አይደለም» ያሰኛል። ዶስቱዩኒክስ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ሁለቱንም ያጸዳል።

ቁጥሮቹ ላይ ያለው ይብሳል። ስልኩ መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ ይወድቃል። 13 አሃዝ ያለው የሂሳብ ቁጥር ኤክሴል ላይ አጥሮ በሳይንሳዊ አጻጻፍ ይታያል፤ ወደ ሲኤስቪ የሚጻፈው ደግሞ የሚታየው ነው። ከ15 አሃዝ በላይ ከሆነ መጨረሻ ያሉት ቁጥሮች ዜሮ ይሆናሉ። መፍትሔው ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት ዓምዱን ቴክስት ማድረግ ነው። ኤክሴልን የሚያሸንፍ ብዙ ሰው የለም፦ አንዳንድ የጂን ስሞችን እየወሰደ ቀን ስላደረጋቸው የሰው ጂን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ ራሱ ስሞቹን ቀይሯል፤ ይህንንም በ2020 ይፋ አድርጓል። ሳይንቲስቱ ተሸነፈ፣ ኤክሴል ቀረ።

ኮማ ሁሉ ዓምድ ይለያል ብሎ ማመን

አድራሻው «ቦሌ, ወረዳ 03» ከሆነ ውስጡ ኮማ አለ። ሲኤስቪ ይህን በድርብ ጥቅስ ይጠብቀዋል። ዓምድ ቆርጦ የሚያወጣው ከት የሚባለው ትዕዛዝ ግን ጥቅስ አያውቅም፤ ኮማ ባየበት ይቆርጣል። ያ ረድፍ ብቻ በአንድ ዓምድ ይንሸራተታል፣ ሌላው ደህና ነው። መጀመሪያ ያሉትን አሥር ረድፎች አይቶ «ልክ ነው» ያለ ሰው የሚያዘው እዚህ ጋ ነው።

ዓምድ እየለየ የሚያሰላው ኦክ የሚባለው ትዕዛዝ በ1977 ቤል ላብስ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ሲኤስቪን በትክክል የሚያነብ ምርጫ የተጨመረለት ግን በ2023 ነው። ጂኤንዩ ኦክ የሚባለው ሌላው የኦክ ዓይነትም ከእትም 5.3 ጀምሮ ይህ ምርጫ አለው። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው የቆየ ከሆነ ሲኤስቪን በትክክል የሚያነቡትን ሚለር ወይም ሲኤስቪኪት ጫኑ።

ዓምዱ በትክክል ተለየ ማለት ግን ድምሩ ልክ ነው ማለት አይደለም። ብሩ «1,250.00» ተብሎ ከተጻፈ ኦክ የሚያነበው እስከ ኮማው ነው። 1 ብር ይደምርላችኋል። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምን የለ። ከመደመራችሁ በፊት ኮማውን ከዚያ ዓምድ አውጡ።

አማርኛን እንደ እንግሊዝኛ መፈለግ

ጽሑፍ ፈላጊውን ትዕዛዝ ግሬፕን ይዛችሁ ግሬፕ «ኃይሉ» በሉና የወጣውን ቁጠሩ። «ሃይሉ» እና «ሀይሉ» ተብለው የተመዘገቡት አልተቆጠሩም። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ኃ፣ ሃ እና ሀ ምንም የማይገናኙ ሦስት ፊደሎች ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚሁ። ስለዚህ ግሬፕ «[ሀሃሐሓኀኃ]ይሉ» ብላችሁ ፈልጉ። «ገብረመድኅን»፣ «ገብረ መድህን» እና «ገ/መድህን» ሲመጡ ግን ቅንፍ ብቻውን አይበቃም። ከስሙ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ ሥሩ፤ እዚያ ላይ ፊደሉን አንድ ዓይነት አድርጉ፣ ክፍት ቦታውን አጥፉ፣ «ገ/»ን ዘርዝሩ። ዋናውን ስም አትንኩ፤ ሰውየው መታወቂያው ላይ የተጻፈው እሱ ነው።

ፊደሉን አንድ ለማድረግ ቲአር የሚባለውን የመተኪያ ትዕዛዝ እንዳትጠቀሙ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ውስጥ 3 ባይት ይይዛል። የሊኑክሱ ቲአር ባይት በባይት ስለሚተካ ሐን ወደ ሀ ለውጥ ስትሉት ሌሎች ፊደሎችንም አብሮ ያበላሻል። ሴድ የሚባለው ሌላው የመተኪያ ትዕዛዝ ይህን በደንብ ይሠራል። ከትም እንደዚሁ፦ «የመጀመሪያዎቹን 4 ፊደሎች ስጠኝ» ስትሉት ብዙ ሊኑክስ ላይ 4 ባይት ይሰጣችኋል፤ አንድ ሙሉ ፊደልና የሌላው ስባሪ ማለት ነው።

ፍለጋን ለማፍጠን ሎኬሉን (የተርሚናሉን የቋንቋና የፊደል ቅንብር) «ሲ» ወደሚባለው መቀየር የሚባል ምክር አለ። ለእንግሊዝኛ ይሠራል። አማርኛ ላይ ግን ከላይ ያለውን ቅንፍ ዋጋ ያሳጣዋል፤ ምክንያቱም ግሬፕ ቅንፉ ውስጥ ፊደል ሳይሆን ባይት ማየት ይጀምራል። ጥቂት ሴኮንድ ብትጠብቁ ይሻላል።

ዩኒክን ሳይደረድሩ መጠቀም

ዩኒክ የሚያጠፋው ተከታትለው የተቀመጡ ተመሳሳይ መስመሮችን ብቻ ነው። መጀመሪያ ሶርት በሚባለው ትዕዛዝ ሳትደረድሩ እየቆጠረ እንዲያወጣ ካዘዛችሁት «አዳማ» ሦስት ቦታ ሦስት ቁጥር ይዞ ይወጣል። ከተደረደረም በኋላ መጨረሻው ላይ ክፍት ቦታ ያለው «አዳማ» ሌላ ከተማ ነው። ናዝሬት ብሎ የጻፈም አይጠፋም።

ሶርት ራሱ ካልነገራችሁት ቁጥርን እንደ ጽሑፍ ነው የሚደረድረው፤ 10 ከ9 ይቀድማል። የዓምዶቹን ስም የያዘውን የመጀመሪያ ረድፍም አንስቶ መሃል ይከተዋል።

ውጤቱን እዚያው ፋይል ላይ መጻፍ

ይሄኛው እንኳን ወዲያው ይታወቃል፣ ግን ከረፈደ በኋላ ነው። አንድን ፋይል ደርድራችሁ በቀስቱ ምልክት (>) ወደዚያው ፋይል ከላካችሁት ባዶ ፋይል ታገኛላችሁ። ሼሉ (ትዕዛዛችሁን ተቀብሎ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሶርትን ከማስነሳቱ በፊት ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል። በሌላ ስም አስቀምጡ።

ቀኑን ለመሣሪያው ግምት መተው

እንደ ደክዲቢ ያሉ አዳዲስ መሣሪያዎች ሲኤስቪውን ኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ እንድትጠይቁት ያደርጋሉ። እውነት ለመናገር ከኦክ ጋር ከመታገል በጣም ይቀላል። ደክዲቢ የየዓምዱን ዓይነት ራሱ ይገምታል፤ ግምቱን የሚወስደው ካልቀየራችሁት በስተቀር ከ20,480 ረድፎች ናሙና ነው። ፋይሉ ግን ስለ ኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚነግረው ነገር የለም።

ጥቅምት 30 «30/02/2016» ተብሎ ሲጻፍ የፈረንጅ የካቲት 30 ቀን ስለሌለው ቀን አይደለም ይላል። 13ኛ ወርም እንደዚያው። እነዚህ ደጎቹ ናቸው፤ ቢያንስ አንድ ነገር እንዳለ ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ቀን ፋይሉ ውስጥ ከሌለ ግን ሁሉንም በጸጥታ የፈረንጅ ቀን ያደርገዋል። ከነሐሴ 25 ቀን 2016 እስከ መስከረም 5 ቀን 2017 ስንት ቀን ነው? ጳጉሜን ጨምረን 15። «25/12/2016» እና «05/01/2017»ን ለደክዲቢ ስጡትና ቀንሱ፦ 11 ይላል። በቀን የሚታሰብ ወለድ ወይም ቅጣት ካለ ሂሳቡ አለቀለት።

ስለዚህ ሁሉንም ዓምድ እንደ ጽሑፍ እንዲያነብ እዘዙት፤ የስልኩ ዜሮም በዚያው ይተርፋል። ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል «2016-13-05» አድርጋችሁ ጻፉት። ወርና ቀኑ ሁሌም ሁለት ሁለት አሃዝ ይሁኑ። እንዲህ ከሆነ በጽሑፍነቱ ብትደረድሩትም ጳጉሜ ቦታዋን አትለቅም። የቀን ልዩነት ማስላት ካስፈለጋችሁ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ ቀን ቀይራችሁ በሌላ ዓምድ አስቀምጡና ቅነሳውን እዚያ ላይ ሥሩ።