ቆዳችሁ ላይ የወጣውን ነገር ከማስነሳታችሁ በፊት

ኮዬ ፈጬም ሂዱ ለገጣፎ፣ «ኪንታሮት እናነሳለን» የሚል የውበት ሳሎን አይጠፋም። ዋጋው ረከስ ይላል፣ ወረፋም የለም። ግን የሚያነሱት ነገር ምን እንደሆነ ማን አየው? መጀመሪያ ምንነቱ ይታወቅ፤ ማንሳቱ ይደርሳል።

በቀን ብርሃን፣ አጠገቡ ሳንቲም አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ከወር በኋላ ድገሙት።

ከዚያ በጣታችሁ ዳስሱት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ያለው ቆዳው ላይ ነው ወይስ ከቆዳው ሥር? አንገት ወይም ብብት ላይ የተንጠለጠለች ለስላሳ ሥጋ ብዙ ጊዜ ጉዳት የላትም። ጉንጭ ላይ ዘራ ዘራ የሚሉት ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎችም እንደዚያው ናቸው። በዘር ስለሚወርዱ እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ፊት ላይ ታገኟቸው ይሆናል። ሻካራው ኪንታሮት ግን ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ይጋባል፤ ምላጭ አትዋዋሱ። ሲጫኑት ከቆዳ ሥር ሸርተት የሚል ለስላሳ እብጠት በአብዛኛው ሐኪሞች ላይፖማ የሚሉት የስብ እብጠት ነው። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለው ደግሞ ሐኪሞች ሲስት የሚሉት፣ ከቆዳ ሥር የሚሞላ ከረጢት ሊሆን ይችላል። አትጭመቁት። ከረጢቱ ራሱ ካልወጣ ተመልሶ ይሞላል፣ ሊያመረቅዝም ይችላል።

በፈረስ ጭራ ማሰሩና የቅንጭብ ወተት መቀባቱ ይቅርባችሁ። ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባማ ጣጣው ሌላ ነው።

በፍጥነት የሚያድግ፣ የሚደማ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ጠንክሮ አልንቀሳቀስ ያለ ወይም አልድን ያለ ቁስል ከሆነ ሁለተኛውን ፎቶ አትጠብቁ። «ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም» የሚለው ወሬ ስህተት ነው። ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ ዓይነት ጥቁር ሰው ላይ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ስለዚህ ጫማ አውልቃችሁ እዩ።

ሐኪሙስ? ቆዳው ላይ ያለ ነገር የቆዳ ሐኪም ይፈልጋል። ጠለቅ ያለውን እብጠት ቀዶ ሐኪም፣ የዓይን ቆብ ላይ ያለውን የዓይን ሐኪም ይየው። የጤና መድን ካላችሁ ከሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር አጽፉ። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ሲመሠረት ለሥጋ ደዌ ነበር፤ ዛሬ ለማንኛውም የቆዳ ችግር ሰው የሚላክበት ቦታ ነው። ከምሥራቅ ዳርቻ ለሚመጣ ሩቅ ነው፤ በጠዋት ውጡ።

ጠባሳችሁ የሚያብጥ ከሆነ ሳይቆረጥ በፊት ተናገሩ። እንዲህ ያለው ጠባሳ ዝም ብሎ ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ብሶበት ይመለሳል፤ ሐኪሙ መርፌ ሊያስቀድም ይችላል። ሌላ ነገር ከተቆረጠ ደግሞ «ፓቶሎጂ ይላካል ወይ?» በሉ፤ ፓቶሎጂ የተቆረጠው ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ክፍል ነው። «አያስፈልግም» ካሏችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ከተላከ የውጤቱን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ሌላ ሐኪም ጋ ብትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።