ቬርሳይን ከአትክልቱ ጀምሩ

ፓሪስ አጠገብ ወዳለችው ቬርሳይ የሚሄድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቤተ መንግሥቱ ነው። እኔም የመጀመሪያ ቀን እንደዚያው አደረግኩ። አዳራሽ ለአዳራሽ ስጋፋ ቆይቼ የአትክልት ስፍራው ጋ ስደርስ እግሬ ዝሏል። ግማሽ ሰዓት አይቼ ወጣሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሁለተኛ የሄድኩት ከእናቴ ጋር ነው። ጉልበቷን ያማታል። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱን ተውነውና አትክልቱን ብቻ ቀስ ብለን አየን። እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ ደስ ይለኛል።

ቀን ስትመርጡ አስቡበት። ፏፏቴዎቹ ሁልጊዜ አይለቀቁም። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ነው የሚለቀቁት። ያን ቀን ለአትክልቱ ትኬት ትቆርጣላችሁ፤ ግን ያዋጣል። በዛፍ አጥር የተከለሉት ውስጠኛ ቦታዎች፣ ቦስኬ የሚሏቸው፣ በአብዛኛው የሚከፈቱት ያኔ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ጥላ የምታገኙትም እዚያ ነው። ሰዓቱን ቀድማችሁ ከድረ ገጻቸው አረጋግጡ። ከፓሪስ በአር ኢ አር ሲ ባቡር ሄዳችሁ ቬርሳይ ሻቶ ሪቭ ጎሽ ትወርዳላችሁ። ከዚያ በእግር ነው። መንገዱ ጠጠር ስለሆነ ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ አድርጉ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ አትክልቱ እንዴት መታየት እንዳለበት በራሱ መመሪያ ጽፎ ትቷል። የት ቆም እንደሚባል፣ መቼ ወደ ኋላ ዞር እንደሚባል ሳይቀር ይናገራል። እኛም የእሱን ጅማሬ ተከተልን።

ከቤተ መንግሥቱ በስተጀርባ ሁለት ሰፋፊ ኩሬዎች አሉ። ዳር ዳራቸው ላይ የተጋደሙት የነሐስ ምስሎች የፈረንሳይ ወንዞች ናቸው። በመካከላቸው ቀጥ ብላችሁ ወደ ደረጃው ሂዱ። ጫፉ ላይ ቁሙ፤ አትቸኩሉ። የላቶና ፏፏቴ ከሥራችሁ ነው። ከእሱ ወዲያ አረንጓዴው ሣር፣ የአፖሎ ኩሬ፣ ከዚያም 1,670 ሜትር የሚረዝመው ትልቁ ቦይ በአንድ መስመር ተዘርግተዋል። የአትክልቱን ንድፍ ያወጣው አንድሬ ለ ኖትር በ1661 እ.ኤ.አ. ሥራውን ሲጀምር ቦታው ረግረግ የበዛበት ነበር።

በጥንቱ የሮማውያን አፈ ታሪክ ላቶና የአማልክቱ የአፖሎና የዲያና እናት ናት። ልጆቿን ይዛ ውሃ ብትለምን ገበሬዎቹ ከለከሏት፤ ኩሬውንም አደፈረሱባት። ወደ እንቁራሪት ተለወጡ። ሲለወጡ ነው ምስላቸው የተሠራው፤ አንዳንዱ ገና ግማሹ ሰው ነው። ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ አየቻቸው። "ልጅ ለያዘች ውሃ ይከለከላል?" አለች። እሷን ከዚያ ቦታ ማንሳት አቃተኝ።

ደረጃውን ከመውረዳችሁ በፊት ዙሩና ቤተ መንግሥቱን እዩት። ይህ የንጉሡ ትእዛዝ ነው። ታች ስትደርሱም ደጋግማችሁ ዙሩ፤ በየርቀቱ ሌላ ቤት ይመስላል።

ውሃው ሲለቀቅ የሚሰማችሁ ድምፅ ትልቅ ድካም አለበት። በንጉሡ ዘመን ፏፏቴዎቹን ሁሉ ባንዴ የሚያስኬድ ውሃ አልነበረም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ንጉሡ ሲቃረብ በፉጨት ይጠራሩና የፊቱን ይከፍታሉ፤ ሲያልፍ ይዘጋሉ። ከሴን ወንዝ ውሃ ለመሳብ ማርሊ በምትባል ቦታ አጠገብ 14 ትልልቅ መንኮራኩር ያለው ማሽን እስከ መሥራት ደርሰዋል።

አቅም ካላችሁ ከላይኛው ሰገነት ጀርባችሁን ለቤተ መንግሥቱ ሰጥታችሁ በስተግራ ወደ ኦራንዤሪ፣ የብርቱካን ዛፎቹ ማቆያ፣ ቁልቁል እዩ። በሞቃቱ ወራት የብርቱካንና የሎሚ ዛፎች በእንጨት ሣጥን እንደተተከሉ ውጭ ይደረደራሉ፤ የብርዱን ወራት ውስጥ ያሳልፋሉ። ትሪያኖን የሚባሉትን ትናንሽ ቤተ መንግሥቶች ግን ለሌላ ቀን ተዉአቸው።

እኛ ቦዩ ዳር ተቀምጠን ዳቧችንን በላን። እዚያ ስታርፉ የመመለሻውን ጉልበት አስቡ። እስከ ቤተ መንግሥቱ ድረስ ዳገት ነው።